በሻምፓኝ የተለቀሰልኝ ለቅሶ

እምቢ ማለት የሚችል ሰው የታደለ ነው። እኔ አልታደልኩም። አንድ ሰው «ትችላለህ?» ካለኝ አንገቴ እኔን ሳያማክር ወደ ላይና ወደ ታች መነቅነቅ ይጀምራል። በዚህ አንገቴ ጦስ የእግር ኳስ ዳኛ ሆኜ እናቴ ድረስ ተሰድቤአለሁ። የጎረቤት ሬዲዮ ጠግኜ እስከ ወዲያኛው አፉን ዘግቼዋለሁ። የሠርግ ፎቶ አንሥቼም ሙሽሮቹን ያለ ራስ አስቀርቻቸዋለሁ። ይህ ሁሉ ግን የሚያስፈራ ሻምፓኝ እንድሠራ ከተጠየቅሁበት ቀን ጋር ሲተያይ ቀላል ነው። የሚያስፈራ ሻምፓኝ ምን እንደሆነ ካላወቃችሁ አትፈሩ፤ እኔም አላውቅም ነበር። ነቀነቅሁ እንጂ።

ጊዜው ሞባይል የሚባለው ነገር የመንዝ ከተማችን መሐል ሜዳ ያልደረሰበት፣ መምህር ደግሞ ከማስተማሩ ይልቅ በግምገማው የሚደክምበት ዘመን ነው። ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። የዓለምን ተራራና ወንዝ ሁሉ በቃሌ ባውቅም ልቤ የሚያውቀው አንድ አድራሻ ብቻ ነበር፤ እሱም ማዘጋጃ ቤት፣ የጽሕፈት መኪናው ክፍል፣ ማንያህልሻል የምትቀመጥበት ወንበር ነው። ማንያህልሻልም አልጠላችኝም። ችግሩ አባቷ ናቸው። ጋሽ ወንድይፍራው የእድራችን ዳኛ ነበሩ፤ ቁም ነገረኛ፣ ቁጥብ፣ ፊታቸው የማይፈታ። ሲስቁ ያየ ሰው አለ ይባላል፤ ያ ሰው ግን ሞቷል። ማንያህልሻል ስለ አባቷ የምትነግረኝ አንድ ነገር ነበር፤ አባቴ ቧልተኛ አይወድም፣ ደርበብ በል ትለኛለች። እኔም ለእሷ ስል ደርበብ ብዬ ከረምኩ። ለቅሶ ቤት ቀድሜ እደርሳለሁ፣ ድንኳን ስተክል ላቤ ይንጠፈጠፋል፣ ቀልድ ሲወራ ጣሪያ አያለሁ። በመጨረሻ ሽማግሌዎቼ ተመረጡ፤ ቀኑም ተቆረጠ። ጥቅምት ሃያ ሁለት፣ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ።

እንግዲህ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው፤ ሰው ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ እስከ እሑድ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ያቅተዋል?

እማማ ዘነበች የሚባሉት የቤት አከራዬ ግቢ ውስጥ ሁለት ቤት ያከራያሉ። በአንዱ እኔ ነኝ፤ በሌላው ለአንድ ዓመት በበጎ ፈቃድ እንግሊዝኛ ልታስተምር የመጣች ሚስ ሊንዳ የምትባል ፈረንጅ ነበረች። ደግ ልጅ ናት። አማርኛዋ ወንዱን ሴት፣ ሴቱን ወንድ ያደርጋል እንጂ ክፋት የለውም፤ ጋሽ ወንድይፍራውን እንኳ አንድ ቀን «እንደምን አደርሽ» ብላቸው እሳቸውም እግዜር ይመስገን ብለው አልፈዋል። ይቺ ልጅ አንድ ማለዳ በሬን አንኳኩታ በአገሯ የሙታን በዓል መድረሱን ነገረችኝ። በዚያ ቀን ሰዎች እንደ ሞተ ሰው ለብሰው፣ ፊታቸውን አበላሽተው፣ እርስ በርስ እየተስፈራሩ ይጠጣሉ አለች። ደብረ ብርሃን ያሉ ጓደኞቿ ቅዳሜ ይመጣሉ፤ መጠጡን እንዳግዛት ፈለገች። መጠጡ አረፋ የሚያወጣ ወይን ነው፤ ደም ይመስላል፤ ውስጡ ዓይን ይንሳፈፋል፤ መሐሉ ላይ ደግሞ ከበረዶ የተሠራ የሰው እጅ ይጋደማል።

ልብ በሉ፤ እኛ ሞትን እንሸሸዋለን እንጂ ጠርተን አናጠጣውም። ይህን ልነግራት አፌን ስከፍት አንገቴ ቀደመኝ።

ወይኑ ደብረ ብርሃን ጓደኛዋ ዘንድ ተቀምጧል፤ መጠጡ ቀድሞ እንዲዘጋጅ አምጣልኝ አለች። ሄጄ አመጣሁ። ካርቶኑን ጭኔ ላይ አድርጌ አውቶቡስ ውስጥ ተቀመጥኩ። ከጣርማበር ወዲህ ያለውን የዚያን ጊዜ መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሰው የበላው ምሳ እንኳ እስከ መሐል ሜዳ ሦስት ጊዜ ቦታ ይቀያይራል። ለካ ይኼ ሻምፓኝ የሚባለው ነገር መናወጥ አይወድም። ጂኦግራፊ መምህር ሆኜ ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት እንደሚቀንስ በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፤ ያን ቀን ግን ትምህርቱ ከጭኔ ላይ ተኮሰ። ቡሹ የአውቶቡሱን ጣሪያ ሲመታ መንገደኛው ሁሉ ወለሉ ላይ ተኛ። አንድ አዛውንት ወንበር ሥር ሆነው ደርግ ተመልሶ መጣ ብለው አወጁ። ሹፌሩ ፍሬን ይዞ ዘሎ ወረደ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጠርሙስ የመጀመሪያውን ሰምተው ተከተሉት። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ አንድ ቄስ ጥምጥማቸው በአረፋ ርሶ ቀስ ብለው ቀና አሉ፤ ከጢማቸው ላይ የሚንጠባጠበውን በጣታቸው ነካ አድርገው ቀመሱና ወይን ነው፣ ተነሡ አሉ። ተሳፋሪው በእሳቸው ቃል ተማምኖ ተነሣ። እኔ ግን ከዚያ እስከ መሐል ሜዳ ድረስ የተረፈችውን አንዲት ጠርሙስ ቡሽ በአውራ ጣቴ ጨቁኜ መጣሁ። ጣቴ እስከ ዛሬ ብርድ ሲሆን ያመኛል።

አንድ ጠርሙስ ለድግስ አይበቃም። ሚስ ሊንዳ ቅር እንዳይላት አይዞሽ፣ መላ አለው አልኳት። መላዬም ይኸው፦ በተረፈችው ጠርሙስ ላይ አንድ እንስራ ጠጅ፣ አረፋው እንዲበዛ ላዩ ላይ አምቦ ውሃ፣ ደም እንዲመስል የተቀቀለ ቀይ ሥር። ለዓይን የሚሆን በቆርቆሮ የታሸገ ነጭ ፍሬ አለ ብላኝ ነበር፤ መሐል ሜዳ ላይ ነጭ ፍሬ ማለት ድንች ነው። ትናንሽ ድንች መርጬ ቀቀልኩ፤ ላጥኳቸውና በየመሐላቸው አንዳንድ ቅርንፉድ ሰካሁ። ሳህን ላይ ደርድሬ ባያቸው ሁሉም አፍጥጠው አዩኝ። ሚስ ሊንዳ ዞራ ዞራ ካየቻቸው በኋላ የፈጠራ ሰው ነህ አለችኝ። ፈረንጅ የማይሆን ነገር ሲያይ እንዲህ እንደሚል ያኔ አላወቅሁም፤ ደስ አለኝ።

የቀረው የበረዶው እጅ ነው። በረዶ ቤት ያለው ማቀዝቀዣ ከተማው ውስጥ ማን ዘንድ ይገኛል? ቢሆንም የጥቅምት ውርጭ እያለ የመንዝ ሰው ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም፤ ከከብት ሐኪሙ አንድ ጓንት ለመንኩ። ከብት ሐኪም ላም የሚመረምርበት ጓንት ደግሞ እንደ ሰው ሐኪም ጓንት የእጅ አንጓ ላይ አያበቃም፤ እስከ ትከሻ ይደርሳል። ቀይ ሥር ያቀላውን ውሃ ሞላሁበት፣ አፉን አሰርኩና ዓርብ ማታ ከልብስ ማስጫው ሽቦ ላይ ሰቀልኩት። ውርጩ ሥራውን አልበደለም። ሲነጋ አንድ ሙሉ ቀይ ክንድ፣ ከትከሻ እስከ ጥፍር፣ ሽቦው ላይ ተንጠልጥሎ ነበር።

እኔ ተኝቻለሁ። እማማ ዘነበች ግን ዕለቱ ማርያም ስለነበረች ነጠላቸውን አጣፍተው ለመሳለም ማልደው ወጥተዋል። አዩት። ቢጮኹ ኖሮ ነቅቼ ነገሩን አስረዳ ነበር፤ እሳቸው ግን አማትበው ዝም አሉ። ከሁሉ የሚያስፈራው የእማማ ዘነበች ዝምታ ነው፤ እንደ ጉሽ ጠላ ውስጥ ለውስጥ ይፈላል። ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ለአንዲት ወዳጃቸው ብቻ ነገሩ። ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባል የለ፤ ወዳጃቸውም የድርሻቸውን ጨመሩበት።

ረፋድ ላይ ሲመለሱ ሚስ ሊንዳ በሩን በጥቁር ጨርቅ ሸፍና፣ በረንዳው ላይ ጧፍ ደርድራ አገኟት። እሷ ራሷ ፊቷን ዱቄት ቀብታለች፤ ዓይኖቿን በከሰል አጥቁራለች፤ ከተረፈው ቀይ ሥር ደግሞ ከዓይኗ እስከ አገጯ ድረስ ጭረት ጭረት አውርዳለች። ከመቃብር የወጣች መሆኗ ነው። በእኛ አገር ግን ሴት ልጅ እንዲህ የምትሆነው ባንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ ሰው ሞቶባት ፊቷን ስትነጭ። እማማ ዘነበች ጥቁሩን ጨርቅ አዩ፣ ጧፉን አዩ፣ የተነጨውን ፊት አዩ፤ የማለዳውን ክንድ አሰቡ። ሁሉም ገጠመላቸው። የፈረንጇ እናት ሞታለች፤ ሬሳው ከባሕር ማዶ ሊመጣ ስለማይችል ዘመዶቿ እጇን በአውሮፕላን ልከውላታል። አትሳቁባቸው። ሰው በሩቅ አገር ሲሞት እኛም ፎቶውን ወይም ልብሱን አውጥተን እናለቅስበት የለ? እጅ ከልብስ ይሻላል።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ያን ቀን እኔ የማውቀው ዘጠኝ ሰዓት መሆኑንና የደብረ ብርሃን እንግዶች አለመምጣታቸውን ብቻ ነው። አውቶቡሱ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቀርቷል ተባለ። ጠረጴዛው ግቢው መሐል ተዘርግቷል፤ ትልቁ ሳፋ ሞልቶ፣ ጓንቱን ገፍፌ ገለባ ውስጥ ያቆየሁት ቀይ ክንድ ውስጡ ተጋድሟል፤ ድንቾቹ ይንሳፈፋሉ። እኔ የሙት መንፈስ ትሆናለህ ተብዬ ነጭ አንሶላ ለብሻለሁ። ሚስ ሊንዳ በረንዳው ላይ ተቀምጣ መንገዱን ታያለች። ማንም አይመጣም አለችኝ፤ በአገሯ ይህን ቀን ከእናቷ ጋር ነበር የምታሳልፈው፤ ከመጣች ጀምሮ እንዲህ ብቸኝነት ተሰምቷት አያውቅም። አሳዘነችኝ። አንድ ሰው ቢመጣላት ምን ነበር ብዬ ተመኘሁ። ሰው የምኞቱን መጠን ጠቅሶ መመኘት አለበት።

የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ።

መጀመሪያ ሴቶቹ ገቡ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ። ቀጥሎ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው። ቀጥሎ ድንኳን ተሸካሚዎቹ። ቀጥሎ ንፍሮ በቁና። ግማሹ መሐል ሜዳ ነው የመጣው። ሚስ ሊንዳ ብድግ አለች። ይህ ሁሉ ሕዝብ፣ ነጭ ለብሶ፣ እየጮኸ፣ ደረት እየመታ ወደ ድግሷ ሲገባ ስታይ ፊቷ በራ፤ ሁሉም የበዓሉን ልብስ ለብሰው መጡ አለችኝ። ከዚያ ደስታው በዛባትና እንባዋ ወረደ። እንባው በዱቄቱ ላይ መንገድ ሲያወጣ ያየው ሕዝብ ደግሞ ለቅሶውን አበረታ። እሷም ይህን አይታ የባሰ አለቀሰች። እማማ ዘነበች አቀፏት። የአገሩ ስመ ጥር አልቃሽ ሳፋው አጠገብ ቆመው ክንዱን ተመለከቱና በዚያ አንጀት በሚበላ ድምፃቸው እንዲህ አወረዱት፦

አገሯ ባሕር ማዶ መንገዱ ቢርቃት፣
እጇን ብቻ ላከች ልጇን ልታቅፋት።

የማያለቅስ አልቀረም። እኔም፣ ክንዱን በገዛ እጄ ሽቦ ላይ የሰቀልኩት ሰውዬ፣ ከሕዝቡ ጋር አለቀስኩ። ሚስ ሊንዳ ምን እያሉ ነው አለችኝ። ስለ እጁ ነው አልኳት። ለመጠጤ ዘፈን አወጡለት? ብላ ደግሞ ትንሰቀሰቅ ጀመር።

ይኼኔ ትከሻዬን አንድ ከባድ እጅ ያዘኝ። ጋሽ ወንድይፍራው ናቸው። ከአጥሩ ጥግ ወሰዱኝ።

«እውነቱን ንገረኝ፤ ማን ነው የሞተባት?» አሉኝ።

ይህ ጥያቄ በአንገት አይመለስም። ከሕዝቡ መሐል ማንያህልሻል ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስታለቅስ አየኋት፤ ሽማግሌዎቼንም አየኋቸው፤ ነገ እሑድ መሆኑም ትዝ አለኝ። እናቷ ናት ብል የሚያልፍ መሰለኝ። ግን ሰልስቱ አለ፣ ሰባቱ አለ፣ አርባው አለ፤ እናትየዋ ደግሞ ደህና ናት።

«ማንም አልሞተባትም ጋሼ» አልኳቸው። «የአገሯ ጨዋታ ነው። ክንዱም በረዶ ነው፤ እኔ ነኝ የሠራሁት።»

እሳቸውም ሕዝቡን አዩ፤ እማማ ዘነበች ደረት ላይ የተለጠፈችውን ሚስ ሊንዳን አዩ፤ የለበስኩትን አንሶላ አዩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ የመንዝ መሬት ግን ድንጋይ ነው፤ እንዲህ በቀላሉ አይከፈትም።

«ለእሷ አትነግራትም» አሉ ቀስ ብለው። «እንግዳ ናት። አገሬው አከበረኝ ብላ ትሂድ። ግን እድራችን ያለ ሟች ጥሩንባ ነፍቶ አያውቅም፤ በእኔ ዳኝነትም አይነፋም። ዛሬ የተለቀሰው ላንተ ነው።»

የቀለዱ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። ወዲያው ጋሽ ወንድይፍራው እንደማይቀልዱ ትዝ አለኝ። በእድሩ ሕግ ለአንድ አባል ጥሩንባ የሚነፋው አንድ ጊዜ፣ ድንኳን የሚተከለውም አንድ ጊዜ መሆኑን አስረዱኝ። ያንተ ተነፍቷል፣ ተተክሏል፣ ተለቅሷል፤ ነገ ብትሞት የሚመጣ የለም አሉኝ። ሁለት የእድር ሽማግሌዎች ጠርተው በጆሯቸው ነገሯቸው፤ ሽማግሌዎቹም ፍርዱን አጸደቁት። ከዚያ ጋሽ ወንድይፍራው ወደ ሳፋው ሄዱ። ብርጭቆ ሞሉ። አንድ ድንች ከውስጡ አፍጥጦ ሲያያቸው እሳቸውም መልሰው አፈጠጡበትና ነፍስ ይማር ብለው ወደ እኔ እያዩ ጨለጡት። እሳቸው ከጠጡ ማን ይቀራል? ሰው ሁሉ ነፍስ ይማር እያለ ጠጣ። ሚስ ሊንዳ በደስታ ትቀዳለች።

ወሬው ከጆሮ ወደ ጆሮ ሲሄድ አየሁት። አንዱ ለአንዱ ሲያንሾካሹክ፣ ያኛው ዞሮ ሲያየኝ፣ አይቶኝ ራሱን ሲነቀንቅ። ሟቹ መምህሩ ነው ተባለ። ጥቂቶች ለቅሶውን ቀነስ አደረጉ፤ ይህ ትንሽ ቅር አሰኘኝ። አንድ የማላውቃቸው ገበሬ ግን ከሩቅ የመጡ ስለሆኑ ነገሩ ሳይገባቸው ቀርቶ አጠገቤ መጥተው እጄን ጨብጠው እግዚአብሔር ያጥናህ፣ ለመሆኑ ሟቹን ታውቀው ነበር ወይ አሉኝ። በመጠኑ አልኳቸው። ማንያህልሻል ዘንድም ወሬው ደረሰ። ቀና ብላ አየችኝና ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። ከነጠላው ሥር ትሳቅ ታልቅስ አላውቅም፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

በማግሥቱ ሽማግሌዎቼ ሄዱ። እንዳትሄዱ አልኳቸው፤ ቀን የቆረጠ ሽማግሌ አይቀርም ብለው ሄዱ። ጋሽ ወንድይፍራው አክብረው ተቀበሏቸው፣ ወንበር ሰጧቸው፣ ጠላ አስቀዱላቸው፣ ጥያቄያቸውን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ እናንተም ትናንት ከእኔ ጋር አልቅሳችኋል፤ ልጄን ገና ሳልድራት ባሏ የሞተባት አላደርጋትም ብለው መለሱ። ሽማግሌዎቹ ጠላቸውን ጨልጠው ተነሡ። እውነት ነው፤ ሦስቱም አልቅሰዋል። አንደኛው እንዲያውም ድምፁ ዘግቶት ነበር።

አለቀልኝ ብዬ ተኛሁ። ግን አላለቀም ነበር፤ ቢያልቅ ይሻል ነበር። በሳምንቱ ገበያ ስወጣ ማንያህልሻል ጥቁር ለብሳ አየኋት። ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሻሽ። ማን ሞተባት ብዬ ደንግጬ ጠየቅሁ። ሰዎቹ አንተ አሉኝ። አባቷ እኔን ሞቷል ብለው ፈርደዋል፤ እሷም ለሟቹ ሐዘን ተቀመጠች። አባቷ ሊከለክሏት አልቻሉም፤ ፍርዱ የራሳቸው ነው። ከተማው ጉድ አለ። ልብ ያለው ሰው ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል፤ ያላገባት ሴት በአደባባይ ጥቁር የምትለብስለት ወንድ ዓለም ላይ ስንት አለ? እኔ ያን ሳምንት ከሙታን ሁሉ ደስተኛው ነበርኩ።

የሚቀረኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱንም ሁሉም ነገሩኝ። እማማ ዘነበች ሳይቀሩ ድንጋይ ተሸክመህ ሂድ፣ እግራቸው ላይ ውደቅ፣ ይምሩሃል፣ ከልባቸው የሚጠብቁት እሱን ነው አሉኝ። እሺ አልኩ። ድንጋይ መምረጥ ጀመርኩ። አንዱ አነሰብኝ፤ እንዲህ ያለ ጠጠር ይዞ ይቅርታ መጠየቅ ቧልት ያስመስላል። አንዱ ከበደኝ፤ በራቸው ሳልደርስ ብወድቅ ደግሞ መሳቂያ መሆን ነው። አንዱ ደህና ነበር፤ ግን ዕለቱ ፈተና የማርምበት ሆነ። ከዚያ ብርዱ ጠና። ከዚያ ጋሽ ወንድይፍራው አጨዳ ላይ ናቸው ተባለ፤ ሰው በሥራው ላይ እንዴት እግሩ ላይ ይወደቃል? መሐል ሜዳ ላይ ድንጋይ አጣሁ ብል ማን ያምነኛል? የደጄ ድንጋይ ግን እየተቆለለ ሄደ፤ እማማ ዘነበች አጥር ልታጥር ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ።

አንድ የገበያ ቀን ማንያህልሻልን አረንጓዴ ቀሚስ ለብሳ አገኘኋት። ሽንኩርት እየመረጠች ነበር። ጥቁሩ የለም፤ ሻሹም የለም። አርባዬ ወጥቷል። ለጥር ለሌላ ሰው መታጨቷንም ከእሷ በፊት ሽንኩርት ሻጯ ነገረችኝ። የመረጥኩት ድንጋይ መኖሩን፣ ነገ ልሄድ እንደነበር፣ ብርዱን፣ የፈተናውን ወረቀት ሁሉ ቀባጠርኩላት። እስክጨርስ ሰማችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«ጌታ እንኳ በሦስተኛው ቀን ተነሥቷል» አለችኝ። «እኔ ላንተ አርባ ቀን ሰጠሁህ።»

ዘንቢሏን አንሥታ ሄደች።